አሥራ አንድ ቀን ብቻ ስጡኝ

«አሥራ አንድ ቀን! ሌላ ምን ጠየቅኳችሁ? አሥራ አንድ ቀን ብቻ ስጡኝ!»

«እኔ ደግሞ የምልሽ፣ አሥራ አንድ ቀን የለሽም ነው» አለች ዶክተር ማህሌት። «ያለሽ ዛሬ ነው።»

«ዘጠነኛው ወር ይግባና በእግሬ እመጣለሁ። ያኔ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

«በእግርሽ ላትመጪ ትችያለሽ እኮ፣ ትዕግስት።»

«ሲስተር፣ ልጄን አታስፈራሪብኝ» አሉ አማቴ አዴ ብርቄ፣ ከአልጋዬ ግርጌ ብድግ ብለው። «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል። የዘጠኝም ያድጋል። የስምንት ግን ሂን ታኡ! አይሆንም! የስምንት ወር ልጅ አያድግም። ይህንን ተጂ ውስጥ የማያውቅ የለም።»

«እማማ፣ እኔ ዶክተር ነኝ።»

«ትደርሻለሽ የኔ ልጅ፤ ገና ልጅ ነሽ» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

ከመጋረጃው ወዲያ የተኛች ሴት ሳቀች። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ግን ራሴን ከውስጥ በመዶሻ የሚመታኝ ነገር አላስቻለኝም። ባለቤቴ ገመቹ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ መነጽሬን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንዴ እናቱን አንዴ ዶክተሯን ያያል። ገመቹ ሴራሚክ ሠራተኛ ነው፤ ውሃ ልክ ሳያስቀምጥ ምንም ነገር ቀጥ ብሏል ብሎ አያምንም። የዚያን ቀን ግን ውሃ ልኩን የሚያስቀምጥበት ቦታ ጠፍቶት ነበር።

ይህንን የምጽፈው ያ ክርክር ካለፈ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሰበታ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቤታችን ውስጥ፣ በሙሉ ጤንነት ተቀምጬ ነው። መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔም አለሁ፣ ልጄም አለች። እንግዲህ ሳትፈሩ አንብቡኝ። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ወይም ቤታችሁ ነፍሰ ጡር ያለችባችሁ ደግሞ ሳትዘሉ አንብቡኝ።

ነገሩ የጀመረው በጫማ ነው።

የምሠራው አበባ እርሻ ውስጥ፣ ማሸጊያ ክፍል ነው። ሥራዬ ጽጌረዳ በቁመት መለየት ነው። ስጀምር መለኪያ ነበረኝ፤ አሁን አያስፈልገኝም፣ አርባ ሳንቲሜትሩን ከሃምሳው በዓይኔ እለያለሁ። በእረፍት ሰዓት የተቀደደ ካርቶን ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ከወላይታ ሶዶ ትምህርቴን አቋርጬ ለሥራ ስመጣ ይዤው የመጣሁት ብቸኛው ዕቃ እሱ ነው። ስሜ ትዕግስት ነው፤ ታክሲ ሳይቆም የምወርድ ሰው ስለሆንኩ የሚያውቁኝ ሁሉ በስሜ ይስቃሉ።

ሰባተኛው ወር ላይ የሥራ ቦቲዬ አልገባ አለኝ። የገመቹን አደረግኩ። ከሳምንት በኋላ የገመቹም ጠበበኝ። የሥራ ጓደኞቼ «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» አሉኝ። እኔም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ጫማዬ ጠበበ ወይስ እግሬ ሰፋ፣
ማንስ ይነግረኛል ሐኪሙ ሲጠፋ።

ጓደኞቼ እየሳቁ በቃላቸው ያዙት። ግጥሙ ትንቢት መሆኑን ግን እኔም አላወቅኩም።

ከእግሬ ቀጥሎ ፊቴ አበጠ፤ ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። ሰበታ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ነጭ ጋውን የለበሰው ሰው ከጣቴ ደም ወሰደና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ። «ታይፎይድ። ታይፈስም አለበት።»

«እርግጠኛ ነህ? እርጉዝ ነኝ።»

«መቶ በመቶ።»

ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ መርፌ ተወጋሁ። ራስ ምታቱ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ደግሞ ዓይኔ ፊት ጥቁር ዝንቦች መብረር ጀመሩ። በእጄ ባባርራቸው አይሄዱም፤ የሌሉ ዝንቦች ናቸውና። አንዷ ጓደኛዬ «ቡራዩ አንድ ጎበዝ አለ» ስትለኝ በሁለት ታክሲ ቡራዩ ሄድኩ። ጎበዙ ሰውዬ ከጎድን አጥንቴ በታች ያለውን ሕመም «ጨጓራ» አለው፤ ዝንቦቹን ደግሞ ጎረቤቱ ላለው መነጽር ቤት መራልኝ። መነጽር ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። ማታ ማታ እንደማነብና እንደምጽፍ ነገርኩት።

«በቃ! መቶ በመቶ ንባብ ነው» አለ።

መነጽር አድርጌ ወጣሁ። ዝንቦቹ አሁንም ነበሩ። ልዩነቱ፣ አጥርቼ ማየት መጀመሬ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በሁለቱም ክሊኒክ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በሩን አልፎ ሲገባ እያዩ፣ ክንዴ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ያሰረልኝ አንድም ሰው አልነበረም። የራሴንም ጥፋት አልደብቅም። ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ነበረኝ፤ ፈረቃዬ አልመች ብሎኝ ሁለት ቀጠሮ ዘልያለሁ። እዚያ ብሄድ ኖሮ ቢያንስ ይለኩኝ ነበር። ታክሲ ሳይቆም የምወርደው እኔ፣ ለዚህኛው ዘገየሁ።

አንድ ቀን ጠዋት አርባውን ከስልሳው ጋር ቀላቅዬ አሰርኩ። ተቆጣጣሪዋ እቅፉን አንስታ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ልትቆጣ የከፈተችውን አፍ ዘጋችና እጄን ይዛ እርሻው ውስጥ ወዳለችው ነርስ ወሰደችኝ። ነርሷ ክንዴን አስራ ለካች። መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ሌላ አመጣች። ሁለተኛውም ያንኑ ሲናገር ቁጥሩን አልነገረችኝም። መኪና ጠራች።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የተደረደሩት አግዳሚዎች ከተቀመጠባቸው ሰው ብዛት የተነሳ ተወልውለው ያብረቀርቃሉ። እርጉዞቹ አንዲት ብርቱካን እየተቀባበሉ አንዳንድ ዘለላ ይበላሉ፤ ዘለላው እኔ ጋ ሲደርስ ስሜ ተጠራ። ወረፋ ሳልጠብቅ መግባት ዕድሜ ልኬን የምመኘው ነገር ነበር። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ መንገድ ሲለቅልኝ ግን ፈራሁ።

ዶክተር ማህሌት በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። የሸራ ጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶ እየረገጠችው ነበር። አልትራሳውንድ አየች፤ ሽንቴንም አስመረመረች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀምጣ ነገረችኝ። ሕመሙ በእርግዝና ምክንያት የሚመጣ ከባድ የደም ግፊት ነው፤ እነሱ ፕሪኤክላምፕሲያ ይሉታል። እብጠቱም፣ ራስ ምታቱም፣ ዝንቦቹም፣ «ጨጓራ» የተባለውም የእሱ ሥራ ነው። ካልተገታ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል፣ ራስን ያስታል፣ ይገድላል፤ ለጽንሱም የሚደርሰው ደም ያንሳል።

«መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«ግፊቱን የሚያወርድና መንቀጥቀጡን የሚከላከል መድኃኒት አሁኑኑ እንሰጥሻለን። ዋናው መድኃኒት ግን መውለድ ነው። ምጡን በመድኃኒት እናስጀምረዋለን።»

መድኃኒቱን እሺ አልኩ። መርፌው ሲገባ ቆዳዬ በበርበሬ ውሃ የታጠበ መሰለኝ። መውለዱን ግን እምቢ አልኩ። በዚህ መሃል ነው ገመቹ እናቱን ከተጂ ይዞ የደረሰው፤ አዴ ብርቄም ቆርቆሮዋን በጉያቸው ይዘው ነበር።

ስለ ቆርቆሮዋ ልንገራችሁ። አዴ ብርቄ የቤተሰቡን እርግዝና ሁሉ የሚቆጥሩት በባቄላ ነው። በየሳምንቱ የተጂ ገበያ በዋለ ቁጥር አንድ ፍሬ ባቄላ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላሉ። የእኔን የጀመሩት ማርገዜን የሰሙ ዕለት ነው፤ የመጨረሻው የወር አበባዬ የመጣበትን ቀን በስልክ ጠይቀውኝ፣ ያለፉትን ገበያዎች ቆጥረው በአንዴ ጨመሩ። ሠላሳ አምስት ፍሬ ሲሞላ ዘጠነኛው ወር ገባ ይላሉ። የዚያን ቀን ሠላሳ ሦስት ነበር። የመጀመሪያው ገበያ ከአራት ቀን በኋላ፣ ሁለተኛው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ይውላል። የእኔ አሥራ አንድ ቀን የመጣችው ከዚያ ቆርቆሮ ነው።

እኔ እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ የማምን ሰው አይደለሁም። አዴ ብርቄ ግን እንዲያው ለወሬ አልነበረም የሚናገሩት። ከገመቹ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ወልደው ነበር፤ በስምንት ወሩ፣ ክረምት ላይ። ሁለት ቀን ኖረ። ታይፎይድ ነው ያለኝ ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ ተሳሳተ፤ መነጽሩን የሸጠልኝም ተሳሳተ። አዴ ብርቄ ግን የራሳቸውን ልጅ ቀብረው ነው የሚነግሩኝ። እናንተ ብትሆኑ ማንን ታምናላችሁ?

ክርክራችን እየጋለ ሲሄድ ዶክተሯ ገመቹን ወደ ኮሪደሩ ጠራችው። አዴ ብርቄ ውሃ ሊያመጡልኝ ወጡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለቀረ ከውጭ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል። መጀመሪያ የሰማሁት የአዋላጅዋን የሲስተር ዘውዴን ድምፅ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ድምፃቸው የማይቀንስ ሴት ናቸው።

«ሁለት ነፍስ ነው እኮ፣ ዶክተር! እሷ እምቢ ስትል ልጁን ማን ጠየቀው? ባልየው ይፈርምና እንጀምር። ስንቱን እንዲህ አይደል ያተረፍነው?»

«ነቅታ፣ እየሰማች፣ እየተከራከረችን?»

«ብትንቀጠቀጥስ?»

«ራሷን ከሳተች ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ አልጠይቅም። አሁን ግን ልጁ ጋ የምደርሰው በእሷ በኩል ነው። ሌላ በር የለውም።»

ከዚያ የገመቹን ሳል ሰማሁ። ገመቹ የሚያሳፍር ነገር ሊናገር ሲል ያስላል።

«አንድ ሐሳብ አለኝ። ሚስቴ የምትሰማው እናቴን ነው፤ እናቴ የምትሰማው ባቄላውን ነው። እናቴ ዞር ስትል ሁለት ፍሬ ቆርቆሮው ውስጥ ጨምራለሁ። እርስዎ ደግሞ በአልትራሳውንዱ ዘጠነኛው ገብቷል ይበሉልን። አለቀ።»

«አየሽ!» አሉ ሲስተር ዘውዴ ደስ ብሏቸው። «ባቄላውስ ከየት ይመጣል?»

«ቅድም ወጣ ብዬ ገዝቻለሁ። ሁለት ፍሬ አይሸጥም ብለውኝ ሩብ ኪሎ ገዛሁ።»

ዶክተሯ ሳቋን ስትውጠው ተሰማኝ። ቀጥላ የተናገረችው ግን የሳቅ አልነበረም።

«ባቄላውን ለእራት ቀቅሉት። እኔ አልዋሻትም። ነገ ታውቃለች። ስታውቅ እኔን ብቻ አይደለም የማታምነው፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣውን ሐኪም ሁሉ ነው። ያኔ ልጁ ሲታመም ወዴት ትውሰደው?»

አላስቻለኝም። «ገመቹ!» ብዬ ጮህኩ። «ሩብ ኪሎ?»

በሩ ተከፈተ፤ ሦስት ፊት ብቅ አለ። የገመቹ ኪስ አብጦ ነበር። ራሴ ሊፈነዳ እየደረሰ ሳቅኩ፤ እሱም አፍሮ ሳቀ። ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ሴትማ ከጫንጮ የመጣች ናት፣ ሳቋ ምጧን እንዳያመጣው ሆዷን ይዛ «ኧረ በናታችሁ!» ትላለች።

ዶክተር ማህሌት አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ወር ሆኖኛል?» አልኳት።

«ስምንት። የአዴ ብርቄ ባቄላ አልተሳሳተም። አልትራሳውንዱ ሠላሳ አራት ሳምንት ይላል፤ በአንድ ፍሬ ነው የተለያየነው።»

«ዛሬ ብወልድ ልጄ እንደሚያድግ ቃል ትገቢልኛለሽ?»

«አልችልም።»

መልሷ ፈጣን ነበር። ሲስተር ዘውዴ ከኋላዋ ተነፈሱ፣ «ምነው ባትዪ» እንደማለት።

«በዚህ ጊዜ የሚወለዱት አብዛኞቹ ያድጋሉ» አለች ዶክተሯ። «ሲያድጉ አይቻለሁ። አንዳንዶቹ ለመተንፈስ ይቸገራሉ፣ ማሞቂያ ክፍል ይገባሉ። ብንጠብቅ ግን የምፈራው ለሁለታችሁም ነው። ቃል የምገባልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማውቀውን አልደብቅሽም። እምቢ ብትይም አላባርርሽም። በየሰዓቱ እየመጣሁ እለካሻለሁ፤ በየሰዓቱም ይህንኑ እደግምልሻለሁ። አሰልቺ ሰው ነኝ።»

ከጫማዬ መጥበብ ጀምሮ ያገኘሁት ሰው ሁሉ መቶ በመቶ እያለኝ ነበር። «አልችልም» ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነች። እንዲያ ስትለኝ፣ እንዴት ብዬ እንደማስረዳችሁ አላውቅም፣ ከንፋስ ላይ ወርጄ መሬት የረገጥኩ መሰለኝ። ግን ገና እሺ አላልኩም። ቆርቆሮዋ እዚያው ግርጌዬ ነበረች።

አዴ ብርቄ ውሃውን ይዘው ተመለሱ። ዶክተሯ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችላቸው።

«አዴ፣ ያ ቅድም የነገሩኝ ልጅዎ ሲወለድ የት ነበር የተኛው?»

አዴ ብርቄ ውሃውን አስቀመጡ። ለብዙ ጊዜ ያልተጠየቁት ጥያቄ መሆኑ ገባኝ፤ ሁሉም ሰው የሚያወራላቸው ስለ ስምንት ነበር እንጂ ስለ ልጁ አልነበረም።

«አጠገቤ፣ መደብ ላይ። አጥበው፣ ጠቅልለው አስቀመጡልኝ። ዝናብ ነበር። እኔ ደም ይፈሰኝ ነበር፤ ላቅፈው አቅም አልነበረኝም። እጁን ስነካው በረዶ ነበር፤ ለሴቶቹ ነገርኳቸው፣ የስምንት ወር ስለሆነ ነው አሉኝ።»

«ለምን እንደሞተ አላየሁትምና አላውቅም» አለች ዶክተሯ። «የማውቀው ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ትልቁ ጠላቱ ብርድ መሆኑን ነው። ያንን ለእርስዎ የነገረዎት ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ዛሬ እዚህ ማሞቂያ ክፍል አለን። ከማሞቂያው የማይተናነስ ደግሞ ደረት አለ፤ ራቁቱን ደረት ላይ አስረነው፣ ቆዳው ቆዳ እየነካ ይውላል፣ ያድራል።»

«የማን ደረት?»

«የእናቱ። እናቱ ከደከመች የአባቱ። የአያቱም ይሆናል።»

አዴ ብርቄ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ደረት አዩ። «የአሮጊት ደረት ይሞቃል?»

«እሱንማ እርስዎን ነው የምጠይቀው።»

«እንዴት አይሞቅም!» አሉ፤ ተቆጥተው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ግቢበት አልልሽም። አትግቢም አልልሽም። ሆድሽ ያንቺ ነው። እኔ ደረቴን አዘጋጃለሁ» አሉና ነጠላቸውን እያላሉ ተቀመጡ።

«እሺ፣ ጀምሩ» አልኩ። ሲስተር ዘውዴ የስምምነት ቅጹን እንደ ልማዳቸው ለገመቹ ዘረጉ። ዶክተሯ ከእጃቸው ወስዳ ለእኔ ሰጠችኝ። ያን ያህል ግጥም ስጽፍ ከሥሩ ስሜን አስፍሬ አላውቅም፤ ካርቶን ላይ ጽፌ እጥለዋለሁ። ስሜን እስከነአባቴ ጽፌ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈረምኩት እዚያ ወረቀት ላይ ነው። እጄ አብጦ ብዕሩን በደንብ አልያዘም፤ ፊርማዬ የባቄላ ሐረግ ይመስላል።

በማግሥቱ፣ ፀሐይ መስኮቱን ሞልታ እያለች፣ ልጄ ተወለደች። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ እንደ ድመት ግልገል ጮኸች። ሲስተር ዘውዴ ከእሷ በላይ ጮኸው እልል አሉ። አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ከፍ አድርገው ሲያሳዩኝ በዓይኔ ለካኋት።

«አርባ አራት» አልኩ።

ሲስተር ዘውዴ በሜትር ለኩ። «አርባ አራት! አንቺ ምንድን ነሽ?»

«አበባ ለኪ» አልኳቸው። መለኪያ ዓይኔ እንደተመለሰልኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሁለት ቀን ማሞቂያ ክፍል ቆየች። ሦስተኛው ቀን ለደረት ተለቀቀች። የእኔ ግፊት ገና እየወጣ እየወረደ ስለነበር የመጀመሪያውን ተራ አዴ ብርቄ ወሰዱ። ዶክተር ማህሌት ልጅቷን ደረታቸው ላይ አስቀምጣ ነጠላውን ስታስርላቸው፣ አዴ ብርቄ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው «ገለቶሚ፣ ዶክተር» አሉ። አመሰገኑ፤ ማዕረጓንም አጸደቁላት።

ችግሩ ልጅቷን ማስመለሱ ነበር። ተራዬ ደርሶ ስጠይቃቸው «ገና አልሞቀችም» ይላሉ።

«አዴ፣ ቀትር ነው፤ ልጅቷ ልትጠበስ ነው!» ይላሉ ሲስተር ዘውዴ።

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ገመቹም ሸሚዙን አውልቆ በተራው አስሯታል። ሴራሚክ እንደሚሸከም ሰው ሳይተነፍስ ነበር የሚራመደው። ከጫንጮ የመጣችው ጎረቤቴም በሰላም ወልዳ ከመሄዷ በፊት ትራሷን ትታልኝ ሄደች፤ ያቺ ትራስ ምን ያህል እንደጠቀመችኝ የሚያውቀው ጀርባዬ ነው።

ቤት ከገባን በኋላ ለስድስት ሳምንት የግፊት ክኒን ወሰድኩ። ሐኪሞቹ አስጠንቅቀውኝ ስለነበር አንድም ቀጠሮ አልዘለልኩም፤ ይህ ሕመም ከወሊድ በኋላም ሊመለስ ይችላል። ራስ ምታቱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ዝንቦቹ ወዴት እንደሄዱ ሳላውቅ ሄዱ። አንድ ቀን ጠዋት የራሴን ጫማ ስሞክር እግሬ ጥልቅ አለ፤ ግቢ ወጥቼ ለማንም ምክንያቱን ሳልናገር ዘለልኩ። መነጽሩን ገመቹ ሴራሚክ ሲቆርጥ ለአቧራው ያደርገዋል። መቶ በመቶ ይከላከላል ይላል።

ልጃችንን ሚልኪ ያሏት አዴ ብርቄ ናቸው፤ መልካም ዕድል ማለት ነው።

ለእናንተ የምለው ረጅም አይደለም። እርጉዝ ሆናችሁ ፊታችሁ ካበጠ፣ ራሳችሁን አላስቀምጥ ብሎ ካመማችሁ፣ ዓይናችሁ ፊት የሌለ ነገር ከበረረ፣ ክንዳችሁን አውጥታችሁ «ግፊቴን ለኩኝ» በሉ፤ ካልለኩ ለኪ ፈልጉ። እምቢ የምትሉበት ምክንያት ካላችሁ ደግሞ አታፍሩበት፣ አውጡት፣ ባቄላውንም ቢሆን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ሐኪሞች ይህንን ካነበባችሁ፣ እምቢ የምትል ሴት ሁሉ ደንቆሮ አይደለችም፤ አንዳንዷን ከእናንተ በፊት ሁለት ሦስት ሰው ዋሽቷታል። እኔን እሺ ያሰኘኝ ማስፈራሪያው አልነበረም። «አልችልም» የምትለዋ ቃል ነች።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር፤ ግን ባለፈው እሑድ የሆነውን ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል።

አዴ ብርቄ ከተጂ መጡ። ሚልኪ አሥራ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች፤ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች፣ ሁለት እርምጃ ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች። መጫወቻዋ ያቺ ቆርቆሮ ናት፤ ሠላሳ ሦስቱ ባቄላ ውስጧ እያለ ገመቹ ክዳኗን በሲሊኮን አጣብቆላታል። አዴ ብርቄ እየተጫወቱ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ማርገዟንና ለእሷም መቁጠር መጀመራቸውን አወሩን።

«ስለ ሚልኪ ነገሯት ወይ?» አልኳቸው።

«ነግሬያታለሁ። የስምንት ወር ልጅ አያድግም፤ የእኛዋ ግን እግዜር ይመስገን ዘጠኝ ገብታ ነው የተወለደችው አልኳት።»

«አዴ! ሠላሳ ሦስት ነበር እኮ! እርስዎ ራስዎ ነዎት የቆጠሩት!»

«ሐኪሟ በአንድ ተሳስታለች፤ እኔም በአንድ ተሳስቼ ይሆናል። አንድና አንድ ሁለት። ሠላሳ አምስት።»

«እማዬ፣ የቀረችን ሩብ ኪሎ አለች፤ ልጨምርልሽ?» አለ ገመቹ፣ ሳቁ እየመጣ።

«አንተ ዝም በል!» አልነው ሁለታችንም።

«ያቺ ልጅ እንደ እኔ ዓይኗ ፊት ዝንብ ቢበርስ?» አልኩ። «ሐኪም ዛሬ ውለጂ ቢላትስ? እርስዎ አያድግም ስላሏት አሥራ አንድ ቀን ስጡኝ ብትልስ? እውነቱን ይንገሯት፣ አዴ፤ ሚልኪ የስምንት ናት!»

«አያድግም አልኩሽ እኮ!»

«ይቺ ማናት ታዲያ?» ብዬ ወደ ግድግዳው በእጄ ሳመለክት፣ ግድግዳው አጠገብ ማንም አልነበረም።

ሦስታችንም ዞርን። ሚልኪ ቆርቆሮዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ምንም ሳትይዝ፣ በክፍሉ መሃል እየሄደች ነው። ሦስት። አራት። አምስት። ባቄላው በየእርምጃዋ ይንኳኳል። አዴ ብርቄ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ይቆጥራሉ። ክፍት የነበረው በር ደፍ ላይ ቆም አለች፤ ዞር ብላ አላየችንም። እግሯን አሻግራ ወጣች፣ በመቀመጫዋ የቤቱን በር ገፋ አደረገችው፣ በሩም ዷ ብሎ ከኋላዋ ተዘጋ።